ለአርሰናል ሄዶ ሂትሮው ማደር!

ቪዛው ተመትቷል፤ የአውሮፕላን ትኬቱም ተቆርጧል። ዲኤስ ቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ለዓመታት ሲያያቸው የኖረውን መድፈኞቹን በአካል ለማየት የቀረው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የሰፈር ልጆች ማልያ እንዲያመጣላቸው ከወዲሁ ስምና ቁጥር እያስመዘገቡት ነው። በዚህ ሁሉ ሽር ጉድ መሀል ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ለመሆኑ የት ነው የሚያድረው? የአብዛኛው ቲፎዞ መልስ አንዲት ቃል ነች፤ «ለንደን!»

ይሄ መልስ አይደለም። ከክፍለ ሀገር ለኳስ የመጣ ደጋፊ «አዲስ አበባ ነው የማድረው» ቢል ጓደኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አዲስ አበባ የት?» ብለው ነው። በደጉ ጊዜ ለገሃር አካባቢ አልጋ የያዘ ሰው ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም በእግሩ ገብቶ ካታንጋ ቦታውን ይይዝ ነበር። አያት ዘመድ ቤት ያደረው ደግሞ ታክሲ ሲጋፋ የመጀመሪያው አጋማሽ ያልፍበታል። ሁለቱም «አዲስ አበባ» ነው ያደሩት። ለንደን ደግሞ ወደ 1,570 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የተንጣለለች፣ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ገደማ የምትሰፋ፣ ወደ 9 ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። በ2024/25 የውድድር ዘመን ብቻ 7 ክለቦቿ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውተዋል። ሰባቱም አንድ መንደር የሰፈሩ ደግሞ አይደሉም። ከክሪስታል ፓላስ ሜዳ ተነስቶ ቶተንሃም ለመድረስ ከተማዋን ከደቡብ እስከ ሰሜን መሰንጠቅ ይጠይቃል።

ደጋፊውን በመጀመሪያ የሚያሳስተው ስም ነው። የቼልሲ ቲፎዞ ካርታ ከፍቶ «ቼልሲ» የሚል ሰፈር ይፈልግና ኪሱን የሚያራግፍ ሆቴል ይይዛል፤ ስታምፎርድ ብሪጅ ግን ያለው ፉልሃም ውስጥ ነው። የክሪስታል ፓላስ ሜዳ ሰልኸርስት ፓርክ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው ሰፈር የለም። ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስም ቢሆን የሚጫወተው ሼፐርድስ ቡሽ ነው። አርሰናል እንኳ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1886 ዉልዊች በሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲሆን ወደ ሰሜን ለንደን የተሻገረው በ1913 ነው። ታሪክ ያነበበ ደጋፊ «የክለቤ ትውልድ መንደር ነው» ብሎ ዉልዊች አልጋ ቢይዝ ክለቡ ጥሎት ከሄደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከሁሉ የከፋችው ወጥመድ ግን ሰቨን ሲስተርስ የምትባለዋ ስም ናት። ሰቨን ሲስተርስ ሮድ የሚባለው ረጅም ጎዳና የሚጀምረው ሆሎዌይ፣ ከአርሰናል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ፊንስበሪ ፓርክን አቋርጦ እየነጎደ ሄዶ የሚያልቀው ግን ቶተንሃም ነው። ሰቨን ሲስተርስ የምትባለው የባቡር ጣቢያም ያለችው ወደዚያው ወደ ቶተንሃም ነው። አንዱ መድፈኛ «ሰቨን ሲስተርስ» የሚለውን ብቻ አይቶ ርካሽ አልጋ ሲይዝ ቀይ ማልያውን ለብሶ ጠዋት የሚወጣው ስፐርሶች መሀል ነው ማለት ነው። በደርቢ ቀን ይሄ ጨዋታ አይደለም። መድኃኒቱ የፖስታ ኮዱን ማየት ነው። አድራሻው ላይ ኤን 5 ካለ ሃይበሪ ነው፤ ኤን 7 ሆሎዌይ፣ ኤን 4 ፊንስበሪ ፓርክ። ኤን 15 እና ኤን 17 ከሆነ የጎረቤት ግቢ ነው፤ ቲፎዞው ማልያውን ሻንጣ ውስጥ ይተው።

ሁለተኛው ስህተት ፎቶ አይቶ መምረጥ ነው። ቢግ ቤን፣ ፒካዲሊ ሰርከስ፣ ቀይ አውቶብስ... አገር ቤት ላሉት የሚላከው ፎቶ እነዚህ ያሉበት ስለሆነ ደጋፊው እዚያው ካልተኛሁ ይላል። እዚያ የአንድ ሌሊት ዋጋ ሌላ ቦታ ሁለት ሌሊት ያሳድራል። ፎቶ ለመነሳት ደግሞ መተኛት አያስፈልግም፤ ከሰዓት ሄዶ ተነስቶ መመለስ ይቻላል። ከዚህ የባሰው «ለበረራዬ እንዲመቸኝ» ብሎ ሂትሮው አየር ማረፊያ አጠገብ የሚያድረው ነው። ሂትሮው ከከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ነው ያለው። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ጨላ አውጥቶ ለንደን የሄደ ሰው ማታ ማታ በመስኮት አውሮፕላን ሲያርፍ እያየ ካደረ፣ ቦሌ ሚካኤል ቢያድር ምን ይጎድልበት ነበር?

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፤ ወደ ዘመድ ቤት። የሐበሻ ደጋፊ ለንደን ውስጥ ዘመድ ካለው ሆቴል የሚባል ነገር ማንሳት ራሱ ነውር ነው። አክስት ስልክ ላይ ናቸው፤ «ሆቴል? ምን ሲደረግ! ሰው የለህም እንዴ? እናትህስ ምን ትለኛለች?» በቃ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ደግሞም እውነት አላቸው። ሽሮው፣ ቡናው፣ በአማርኛ ማውራቱ፣ ባዕድ አገር ላይ የራስ ሰው ደጃፍ ከፍቶ «እንኳን ደህና መጣህ» ማለቱ ዋጋ አይወጣለትም። የእንግሊዝ ቪዛ ማመልከቻም የት እንደሚታረፍና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ብዙው ሰው የዘመዱን አድራሻ የሚሞላው ገና አዲስ አበባ እያለ ነው። ሰፈሩ የተመረጠው ያኔ ነው፤ ደጋፊው ግን መምረጡን አላወቀም።

ችግሩ የሚመጣው እዚያ ሲደረስ ነው። ዘመድ የሚሠራው በፈረቃ ነው። አንዱ ሌሊት ወጥቶ ጠዋት ይመለሳል፤ ሌላዋ ንጋት ላይ አውቶብስ ትይዛለች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እንግዳው ሳሎን ሶፋ ላይ ሲተኛ የቤቱ ልጆች ቴሌቪዥን ማየት ይተዋሉ። ቁልፉ አንድ ከሆነ ደግሞ ማታ የሚከፍትለት ሰው እንቅልፉን አጥቶ ይጠብቀዋል። ሜዳው ከዚያ ቤት ሁለት ሦስት ባቡር መቀያየር የሚጠይቅ ሲሆን «ሰዎቹን አስመሻቸዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ከ70ኛው ደቂቃ ጀምሮ ያናጥበዋል። ለስንት ዓመት ያለማትን ግብ ሳያይ፣ ተጨማሪ ሰዓቱ ሳይጠናቀቅ ተነስቶ የሚወጣው በዚህ ነው። ሌላም አለ። ዘመድ እንግዳውን ለማስደሰት ብሎ ቅዳሜ ቀን ክርስትና ይጠራለታል። ቅዳሜ! ከቀኑ 9 ሰዓት! «ኳሱን ሌላ ጊዜ ታየዋለህ፤ ሰው ሁሉ አንተን ሊያይ ነው የመጣው» ሲባል ምን ይመልሳል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እዚህ ዲኤስ ቲቪ ቤት ያይ የነበረውን ጨዋታ እዚያ ሄዶ ሳያየው ይመጣል።

ስለዚህ ዘመድ ይቅር ነው የሚባለው? በፍጹም። ግን ለሳምንት የሄደ ሰው የጨዋታውን ዋዜማና የጨዋታውን ሌሊት፣ ሁለቱን ብቻ፣ ሜዳው አካባቢ አልጋ ይዞ፣ የቀረውን ከዘመዶቹ ጋር ቢያሳልፍ ማንም አይቀየምም። ዋናው ነገር ከቦሌ ሳይነሱ መናገር ነው። ሂትሮው ወርዶ፣ ዘመድ ሥራ አስፈቅዶ ሊቀበለው መጥቶ፣ ዶሮ ተሠርቶ ከተጠበቀ በኋላ «ዛሬ ሆቴል ነኝ» ማለት በእርግጥም ብልግና ነው። ከወር በፊት «ቅዳሜና እሁድ ለኳሱ ስል ሆሎዌይ አድራለሁ፤ ሰኞ እናንተ ጋ ነኝ» ቢባል ግን አክስት ትንሽ ያጉረመርማሉ፤ አለቀ። እንዲያውም የፈረቃ ሠራተኛው ዘመድ በሆዱ እፎይ ይላል።

ታዲያ ሰፈሩ በምን ይመረጥ? በመመለሻው። ሁሉም ሰው የሚያስበው ወደ ሜዳው እንዴት እንደሚደርስ ነው፤ ሲኬድ ግን ሰው ቀስ በቀስ ነው የሚገባው፤ ጊዜም አለ፤ ደስታም አለ። ፈተናው ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ነው። ኤምሬትስ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ጥቂት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ላይ ይረባረባል። ለሜዳው ቅርብ የሆነችው ሆሎዌይ ሮድ ጣቢያ በጨዋታ ቀን ገደብ ይጣልባታል። አርሰናል ጣቢያ ያለው ሰልፍ ደግሞ የስኳር ወረፋን ያስንቃል። አርብና ቅዳሜ ሌሊት ቪክቶሪያና ፒካዲሊ የሚባሉት የባቡር መስመሮች ሲሠሩ ያድራሉ። ማክሰኞና ረቡዕ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ምሽት ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ያቆማሉ። በለንደን አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ወደ 4 ሰዓት ሲያልቅ፣ ሰልፉ ሲጨመርበት፣ ሁለት ጊዜ ባቡር መቀየር ያለበት ሰው ከሰዓት ጋር ይሯሯጣል። የሌሊት አውቶብስ አለ፤ ግን ለንደን አውቶብስ ላይ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ከቀረ ከ2014 ጀምሮ ነው። ዶላርም ሆነ ፓውንድ በእጁ ይዞ ሾፌሩን የሚለምን ደጋፊ እዚያው ይቀራል፤ ካርድ ወይም ኦይስተር የሚባለውን መክፈያ ቀን ላይ ማዘጋጀት አለበት።

በእግሩ የሚመለስ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ለአርሰናል ደጋፊ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ከኪንግስ ክሮስ ተነስቶ በካሌዶኒያን ሮድና በሆሎዌይ በኩል እስከ ፊንስበሪ ፓርክ ያለው መስመር። ከፊንስበሪ ፓርክ ወይም ከካሌዶኒያን ሮድ ጣቢያ ሜዳው ድረስ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ፣ ሰቨን ሲስተርስ ሮድ ላይ ፓርኩን ፊት ለፊት የሚያዩ አነስተኛ ሆቴሎች አሉ። የቅንጦት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ምንጣፋቸው ዘመን የጠገበ ነው። ግን ለኳስ የሄደ ሰው ምንጣፍ ምን ያደርግለታል? ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የፒካዲሊ መስመር ነው። ሂትሮው ያረፈ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ አንድ ባቡር ላይ ከወጣ፣ ሳይቀይር፣ ኪንግስ ክሮስን፣ ካሌዶኒያን ሮድን፣ ሆሎዌይ ሮድን፣ አርሰናልን፣ ፊንስበሪ ፓርክን በተራ ያገኛቸዋል። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዘመዱ ሃውንስሎው የሚኖር ደጋፊም በዚህ ዕድለኛ ነው፤ ሃውንስሎው ሩቅ ነው፣ ነገር ግን እዚያው መስመር ላይ ነው። ካርታ ላይ ቅርብ መስሎ ሦስት ጊዜ ከሚያስቀይር ሰፈር፣ ሩቅ ሆኖ አንድ ባቡር የሚያመላልስ ይሻላል።

የካሌዶኒያን ሮድ ሌላም ጥቅም አለው። ወደ ኪንግስ ክሮስ ጠጋ ባለው የጎዳናው ክፍል የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። አርሰናል ተሸንፎ የሚያጽናና የጠፋበት ሰው በክትፎ ይጽናናል፤ አሸንፎም ከሆነ አብሮት የሚጮህ ሐበሻ አያጣም። እዚያው ጎዳና ላይ ፔንቶንቪል የሚባለው ትልቅ እስር ቤት እንዳለ ሲያይ ግን አይደንግጥ፤ የከተማው ሰው በአጠገቡ ወተቱን ገዝቶ ያልፋል። በለንደን የቆዩ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች «ኪንግስ ክሮስ? እዚያማ እንዳትሄድ!» ሊሉ ይችላሉ። እነሱ የሚያውቁት የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን ኪንግስ ክሮስ ነው፤ ያኔ ሰፈሩ በአደንዛዥ ዕፅና በመንገድ ዳር ሴቶች ስሙ የጠፋ ነበር። የፓሪሱ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2007 አጠገቡ ወዳለው ሴንት ፓንክራስ ከመጣ ወዲህ፣ አካባቢውም እንደ አዲስ ከተገነባ በኋላ ያ ታሪክ ተቀይሯል። አሁን እንዲያውም የሚያሰጋው ዋጋው ነው፤ ከጣቢያው ወደ ሰሜን በራቁ ቁጥር ይረክሳል። እንደማንኛውም ትልቅ ከተማ ሞባይልን ግን እጅ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ የለም፤ መርካቶ የሚጠነቀቅ ሰው እዚያም ይጠንቀቅ።

ሰፈሩ ውስጥ ማደር ከጊዜና ከፍራንክ ሌላ ጨዋታውን ራሱን ያረዝመዋል። ከሩቅ መጥቶ የሚመለሰው ደጋፊ የሚያየው 90 ደቂቃ ነው። እዚያ ያደረው ግን ጠዋት ቁርሱን በልቶ ወደ አሮጌው ሃይበሪ በእግሩ ይሄዳል። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘግቶ መኖሪያ አፓርትመንት ሆኗል፤ እነ ሄንሪና ቤርካምፕ የተራቀቁበት ሣር የነዋሪዎች የአትክልት ቦታ ነው። የምሥራቁ ጥላ ፎቅ ፊት ግን በቅርስነት ስለተመዘገበ አልፈረሰም፤ ከነጽሑፉ ቆሟል። ጥቂት ራመድ ሲል አርሰናል ጣቢያን ያገኛል። ጣቢያዋ ጊሌስፒ ሮድ ነበር ስሟ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በክለቡ ስም ያስጠራት አሰልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ነው። የድሮው ስም ዛሬም ውስጥ ግድግዳው ላይ በሸክላ ይነበባል። ኤምሬትስ ደጃፍ ላይ ቻፕማን ራሱ ሐውልት ሆኖ ቆሟል፤ ሄንሪም፣ ቤርካምፕም፣ ቶኒ አዳምስም፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ቬንገር አሉ። ይሄን ሁሉ በጨዋታው ሰዓት በግፊያ መሀል ማየት አይቻልም፤ በዋዜማው ግን በነፃ ነው።

የሌሎቹ ደጋፊዎች ነገር በአጭሩ ይለቅ። የሰማያዊዎቹ ቲፎዞ ኤርልስ ኮርት ይደር። ከድሮ ጀምሮ መለስተኛ ሆቴሎች የሞሉበት ሰፈር ነው፤ ከሂትሮው በቀጥታ ባቡር ይደርሳል፤ ከዚያ ፉልሃም ብሮድዌይ ሁለት ፌርማታ ነው፤ የቸኮለ በእግሩም ይሄደዋል። የዌስትሃም ደጋፊ፣ ካለ፣ ስትራትፎርድ ቢያድር ባቡር ሞልቶለታል። የቶተንሃሙ ሰው በቪክቶሪያ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ይዞ ሰቨን ሲስተርስ ወይም ቶተንሃም ሄል ወርዶ በእግሩ መንገዱን ይያያዘው።

ቀን የሚባለው ነገር ግን ሁሉንም ይመለከታል። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለቴሌቪዥን ሲባል ከቅዳሜ ወደ እሁድ ወይም ሰኞ ይዛወራል። ሁለት ሌሊት ብቻ ይዞ ገንዘቡ የማይመለስ አልጋ የከፈለ ሰው እንግሊዝ ሆኖ ጨዋታው ሳይደረግ ሊመለስ ይችላል። የእንግሊዝ መንግሥትም ቢሆን ቪዛው ሳይወሰን ለጉዞ ገንዘብ እንዳይከፈል ይመክራል። ስለዚህ ትንሽ ቢወደድም የሚሰረዝ አልጋ መያዝ ነው። በፈረንጆች ገና ሰሞን ለሚሄድ ደግሞ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ጨዋታ ብዛት ያማልላል፤ ዲሴምበር 25 ቀን ግን ለንደን ውስጥ ባቡርም አውቶብስም አይንቀሳቀስም። ያን ቀን ሂትሮው ያረፈ ሰው ሰፈሩን በደንብ መረጠም አልመረጠም የታክሲ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

የቀሩት የዩናይትድና የሊቨርፑል ደጋፊዎች ናቸው፤ እነሱም «ለንደን አርፌ ደርሼ እመለሳለሁ» ማለት ይወዳሉ። ከኪንግስ ክሮስ ሩብ ሰዓት በእግር ከሚያስኬደው ዩስተን ጣቢያ ሁለቱም ከተሞች ከሁለት ሰዓት ትንሽ በልጦ ይደረሳሉ፤ ለቅዳሜ ቀን ጨዋታ ያዋጣል። ለምሽት ጨዋታ ግን ቀልድ ነው፤ ከማንቸስተር ወደ ለንደን የሚመለሰው የመጨረሻው ባቡር ኳሱ ሳያልቅ ይነሳል። የሊቨርፑሉም ሰው አንፊልድ በር ላይ የሚያደርሰው ባቡር የለም፤ ከመሀል ከተማ አውቶብስ ነው። እዚያው ማደር ግድ ከሆነ የማንቸስተሩ እንግዳ ፒካዲሊ ጣቢያ አካባቢ አልጋ ይዞ በትራም ቢመላለስ ይሻለዋል። ሲወርድ ግን ስሙን ብቻ አይመን፤ «ኦልድ ትራፎርድ» የሚለው ፌርማታ የሚያወርደው በዚያው ስም የሚጠራው የክሪኬት ሜዳ ደጃፍ ነው፤ ቀያይ ሰይጣኖቹ ጋ ለመድረስ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል በእግር ይቀረዋል።